የቅድመ አያታችን ፎቶ እውነት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው? ላሚኔትስ ይደረግ?

ማርቆስ_ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገን? ስለ አሮጌ ፎቶ የምታውቁ ካላችሁ እስኪ ላስቸግራችሁ። ቤተሰቦቼ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ገጠር ናቸው። አያቴ እማሆይ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ያኖሯቸው ሁለት ፎቶዎች አሉ።

አንደኛው ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ነው። ጥቁርና ነጭ አይደለም፣ ወደ ቡናማ ያደላል። ጢማም ሰውዬ ካባ ደርበው፣ አንድ እጃቸውን ወንበር ላይ አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው መጋረጃና የተሳለ የድንጋይ አምድ አለ። የካርቶኑ ጀርባ ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገርና ሳንቲም የሚመስል ስዕል ታትሟል፣ ግን ደብዝዟል።

ሁለተኛው ወንዱ አያቴ ናቸው። ሜዳሊያ ደርድረው፣ የእጅ ሰዓት አስረው። መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥ ነው፣ ችግሩ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል።

ቤት ውስጥ የሚወራው የካርቶኑ ሰውዬ የእማሆይ አያት ናቸው፣ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ እዚሁ ማርቆስ ነው የተነሱት ነው። አጎቴማ «ከእምባቦ ጦርነት ሲመለሱ ነው» ብሎ ይምላል። እኔ ግን ያኔ ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት ነበረ እንዴ እላለሁ። ለእሱ እንዲህ ማለት ግን ጠብ መፈለግ ነው።

ሌላው፣ የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ወስጄ ላሚኔት አስደርጋለሁ፣ የተጣበቀውንም በውኃ ነክሬ አላቅቀዋለሁ ብሎ ተነስቷል። አክስቶቼ ደግሞ ፎቶው ለማን ይድረስ በሚለው ተኳርፈዋል። ለገና ሁላችንም እንገናኛለን፣ ከዚያ በፊት የሚረባ ነገር ይዤ ብቀርብ ደስ ይለኛል።

አሮጌ_ካሜራ፦

እታለም፣ ከሁሉ በፊት ላሚኔቱን አስቁሚልን! ላሚኔት ለመታወቂያ ነው። በሙቀት ነው የሚጣበቀው፣ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚያወጣው የለም። የፎቶው ፊት ላይ ያለው ስስ ሽፋን ከፕላስቲኩ ጋር ይያያዛል፣ ላንሳው ያሉ ቀን ምስሉም አብሮ ይነሳል። የመንከሩ ነገርማ ይቅር።

አሁን ወደ ዕድሜው። ቤተሰብ የሚያወራው ታሪክ ላይ ከመከራከር መጀመሪያ ዕቃውን እዪው። በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ የሆነው የፈረንሳዊው የዳጌር ፎቶ ማንሻ ዘዴ ብር በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር፣ አንድ ሰው አንድ ፎቶ፣ ቅጂ የለውም፣ ሲያዘነብሉት መስታወት ይሆናል። የአንቺ እሱ አይደለም። በ1850ዎቹ መስታወት ላይ የሚነሳና ጥቁር በተቀባ ስስ ብረት ላይ የሚነሳ መጣ፤ ብረቱን ማግኔት ይስበዋል። እሱም አይደለም። ካርቶን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካልሽ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው።

ዲስዴሪ የሚባል ፈረንሳዊ በ1854 አንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶ የማንሳት ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ነው ፎቶ የሀብታም ብቻ መሆኑ የቀረው። ካርዱ 6 ሴንቲ ተኩል በ10 ሴንቲ ግድም ነበር፣ ሰው ለዘመድ ያድለዋል፣ በአልበም ያጠራቅመዋል። በ1860ዎቹ አጋማሽ ካቢኔ የሚባለው ትልቁ ካርድ መጣ፣ 11 ሴንቲ በ16 ሴንቲ ተኩል አካባቢ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሠርቷል። ማስመሪያ ይዘሽ የአንቺን ለኪው።

ቡናማነቱ ደግሞ ከእንቁላል ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ወረቀቱ የእንቁላል ነጭና ጨው ይቀባል፣ ከዚያ የብር ውህድ ይነከራል። ጀርመን ድሬስደን ያለ አንድ ፋብሪካ ለዚህ ብቻ በቀን 60 ሺህ ያህል እንቁላል ይሰብር ነበር ይባላል (አስኳሉን ማን በላው አትበሉኝ)። ወረቀቱ በጣም ስስ ስለሆነ ይጠቀለላል፣ ለዚያ ነው ካርቶን ላይ የሚለጠፈው። በአጉሊ መነጽር ስታዪው የወረቀቱ ጭረት ከታየሽ፣ ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ቢጫ ከሆነ፣ በብዛት እሱ ነው። ከ1890ዎቹ በኋላ ጄላቲን (ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር) የተቀባው ወረቀት እያሸነፈው ሄደ። እሱ ጭረቱ አይታይም፣ ሲያረጅ ጥቁሩ ቦታ ላይ በተለይ ጠርዙ ላይ እንደ ብር ያብረቀርቃል።

የጻፍኳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ሰው ካርድ ጀርባ ላይ 1900 አይቶ በእኛ 1900 ነው ብሎ ሰባት ስምንት ዓመት ሲያዛባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሳንቲም የመሰለው ስዕል ፎቶ ቤቱ በኤግዚቢሽን ያገኘው ሜዳሊያ ሊሆን ይችላል። ዓመት ከተጻፈበት ፎቶው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው።

ደጀን_ዳገት፦

ሰውዬው ወንበር ይዘው ነው የቆሙት አልሽ አይደል? ፌስቡክ ላይ አይቻለሁ፣ በድሮ ጊዜ ሬሳ በብረት ደግፈው አቁመው ያነሱ ነበር ይላል። እግራቸው ሥር ከኋላ የብረት መቆሚያ ይታያል ወይ? ካለ እንግዲህ… 😳

አሮጌ_ካሜራ፦

ደጀን፣ ይሄን ወሬ የጀመረው ሰውዬ አንድ ቀን ብይዘው ደስ ይለኛል። ብረቱ አለ፣ እውነት ነው። ግን የሚደግፈው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ያኔ ሰሌዳው ብርሃን ለመቀበል ሰከንዶች ይፈጅበታል፣ ደመና ከሆነማ የበለጠ። ሰው ትንሽ ከተወዛወዘ ፊቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከኋላ የብረት ዘንግ ይቆማል፣ ጫፉ ላይ ሹካ አለው፣ ማጅራትን ለስለስ አድርጎ ይይዛል። ሬሳ የሚያቆም ጉልበት የለውም። የሞተ ሰው ፎቶ ይነሳ ነበር፣ በተለይ ሕፃን፣ ግን ተኝቶ ወይ እናቱ ታቅፋው ነው። ወንበሩም፣ አምዱም፣ ጠረጴዛውም ሥራቸው ያው ነው፤ እጅ የሚያርፍበት እንዲያገኝና እንዳይንቀጠቀጥ። ሳቅም የሌለው ለዚህ ጭምር ነው፤ እስኪ ለሰከንዶች ሳትነቃነቅ ሳቅ፣ ጉንጭህን ያምሃል።

ፎቶቤት_ያደገ፦

እኔ ስለ ሁለተኛው ላውራ፣ የመጀመሪያውን አሮጌ ካሜራ ይዞታል። አባቴ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ከተማ ፎቶ ቤት ነበራቸው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ጨለማ ክፍል ገብቼ ማጠቢያ ሳህን ሳወዛውዝ ነው ያደግሁት። ኮትና ክራባት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀመጥ ነበር፣ ገበሬው ቅዳሜ ገበያ ውሎ ሲመጣ በጋቢው ላይ ኮቱን ጣል አድርጎ ይነሳል። ሰዓትም እናውሳለን። የማይሠራ ሰዓት። ስለዚህ ፎቶ ላይ ሰዓት አየሁ ብለሽ ሀብታም ነበሩ እንዳትይ። ለዕድሜው ግን ይጠቅማል፣ የእጅ ሰዓት ለወንድ የተለመደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት በሰንሰለት ኪስ ውስጥ ነበር።

ሜዳሊያዎቹን በደንብ አንሺና አሳዪን። የአርበኝነት ከሆነ ፎቶው በእኛ ከ1933 በኋላ ነው፣ አለቀ። ጎጃም ውስጥ አርበኛ ያልሆነ አያት ያለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ስለሆነ እኔ በዚያ እገምታለሁ።

ሌላ ዘዴ፣ ሱቅ ውስጥ የሐሰት ብር የሚለዩበት ሰማያዊ መብራት አለ አይደል? ፍሬሙን ከጀርባ ከከፈትሽው የወረቀቱን ጀርባ ጨለማ ውስጥ በሱ አብሪበት። ደምቆ ነጭ ሰማያዊ ካበራ ወረቀቱ ማንጫ ኬሚካል አለው፣ ይህ ኬሚካል ፎቶ ወረቀት ላይ መግባት የጀመረው በፈረንጅ በ1950ዎቹ ነው። ካላበራ ግን ከዚያ በፊት ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ ከዚያ በኋላም ያልገባበት ወረቀት ነበር። ጀርባው ላይ በስሱ የታተመ የወረቀት ስም ካለም ጻፊልን፤ አግፋ፣ ኮዳክ፣ ቬሎክስ፣ ፌራኒያ። ፌራኒያ የጣሊያን ነው።

የተጣበቀውን አትንኩት። ጄላቲኑ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ መስታወቱን ይይዛል፣ ከዚያ ይደርቃል። በምላጭ ሲያላቅቁ ግማሹ ፊት መስታወት ላይ የቀረ ስንት ፎቶ መጥቶልናል፣ «አድሱልን» ብለው። አባቴ በሹል እርሳስ ዓይን ይስሉ ነበር፣ አንዳንዴ የሟችን ዓይን ከልጁ ዓይን እያዩ። ስለዚህ ከነመስታወቱ ይቀመጥ፣ ቅጂውንም ከነመስታወቱ አንሺው። ደጅ ጥላ ሥር፣ ፍላሽ ዘግተሽ፣ ከስልኩ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥለሽ፣ ጨርቁ መሐል ለካሜራው ቀዳዳ ትተሽ። ያን ጊዜ መስታወቱ ሰማዩን አያሳይም። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ አለዚያ ጨምቆ ያበላሸዋል።

እና እባካችሁ ቀለም የሚቀባውን አፕ ከዋናው ቅጂ ጋር አታደባልቁት። አፍንጫ ይቀይራል፣ ሽበት ያጠፋል፣ ካባውን ደስ ያለውን ቀለም ይቀባዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ትክክለኛው የትኛው እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም።

ማርቆስ_ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ካርቶኑ 10 ሴንቲ ከ8 ሚሊ በ16 ሴንቲ ተኩል፣ ካቢኔ ያልከው ነው መሰለኝ። በወንድሜ አጉሊ መነጽር ጭረቱ ይታያል። የጀርባውን ጽሑፍ በመስኮት ብርሃን አዘንብለን እህቴ ፊደል በፊደል አነበበችው። ዓመቱ ጠፍቷል። የፎቶ ቤቱ ስም ግማሹ የለም። ታች ላይ ግን ኢየሩሳሌም ይላል!! ከጎኑ ደግሞ የላቲን ያልሆነ የተጠማዘዘ ፊደል አለ፣ ዐረብኛ አይደለም።

የሁለተኛውም ሜዳሊያ አንዱ የአርበኝነት ነው፣ ቤት ያሉት ሁሉ አረጋገጡ። አጎቴ ግን አኩርፏል። «ቅድመ አያቴ ከማርቆስ ውጭ ምን ሊሠሩ» ይላል።

አሮጌ_ካሜራ፦

ኢየሩሳሌም! ይሄማ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ያ ፊደል አርመንኛ ሊሆን ይችላል። ኢየሩሳሌም የፎቶ ሙያ ያስፋፉት አርመኖች ናቸው። በቅዱስ ያዕቆብ ገዳማቸው ውስጥ ዬሳይ ጋራቤድያን የሚባሉ መነኩሴ የፎቶ ማስተማሪያ ከፍተው ነበር፣ እሳቸው በፈረንጅ በ1865 የአርመን ፓትርያርክ ሆኑ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ጋራቤድ ክሪኮርያን ያፋ በር አጠገብ ፎቶ ቤት ከፈተ። በ1890 ደግሞ የሱ ተማሪ የነበረው ኸሊል ራድ ከፊት ለፊቱ የራሱን ከፈተ። መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት፣ የንግድ ፉክክር ማለት ይሄ ነው። ያንቺ ካርድ የነሱ ነው አልልም፣ ፊደሉን የሚያነብ ሰው ያይልን።

አጎትሽን ደግሞ አጽናኚልኝ፣ ዘመኑን አልሳቱም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእኛ 1873 ነገሡ፣ በ1893 አረፉ። ካቢኔ ካርድ ከነእንቁላል ወረቀቱ የሚሠራበት ጊዜ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የእምባቦው ነገር ነው የማያስኬደው። በ1874 ግንቦት ላይ የጎጃም ጦር ተሸንፎ ንጉሡም ተማርከዋል፣ ከዚያ የተመለሰ ሰው ካባ ደርቦ አምድ አጠገብ ይቆማል? 😄 ማርቆስስ ላይ ያኔ ማን ፎቶ ቤት ይከፍታል። አዲስ አበባ እንኳ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን የመጡት ፈረንጆቹ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሐበሻ ፎቶ ብዙው ወይ መንገደኛና ሚሲዮናዊ እዚህ ያነሳው ነው፣ ወይ ሐበሻው ውጭ ወጥቶ የተነሳው። ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ በፈረንጅ በ1868 እንግሊዝ የተነሳውን አስቡት፣ ያ ልጅ ተነሳ ተብሎ እንጂ ወድዶ አልተነሳም። የእናንተ ሰውዬ ግን ገንዘብ ከፍለው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ ራሳቸው ፈልገው ነው የቆሙት። ይሄ ለእኔ ከእምባቦ ይበልጣል።

የዲማ_ደቀመዝሙር፦

ልጄ፣ ይሄን ንባብ የልጅ ልጄ አሳየኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ጎጃሜ ኢየሩሳሌም መሄዱ ምን ይገርማል? በመተማ በሱዳን አድርጎ፣ ወይም በምጽዋ በቀይ ባሕር ወጥቶ የሚሳለም ስንት ነበረ። መንገዱ ወራት ይፈጃል፣ የሚመለሰውም ሁሉም አይደለም፤ በረሃ የቀረ፣ ዴር ሱልጣን መንኩሶ እዚያው ያረፈ አለ። ተሳልሞ የተመለሰ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይከበራል። መስቀል ያመጣል፣ ሻማ ያመጣል፣ ለመገነዣ የሚሆን ጨርቅ ያመጣል። ፎቶም ቢያመጣ ያው በረከት ብሎ ነው።

ስለዚህ አጎትሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፤ ከቤቱ ውስጥ ኢየሩሳሌም ደርሶ የመጣ ይባል ነበር ወይ? የድሮ መስቀል፣ መቁጠሪያ፣ የዕንቁ ቅርፊት ላይ የተቀረጸ ስዕል አለ ወይ? ካለ አንድ ላይ ነው የመጡት። እማሆይንም ጠይቂ፣ ግን ፎቶውን እያሳየሽ «ይሄ ማነው» አትበይ፣ ትልልቅ ሰው ሲጠየቅ ያሳጥራል። ዝም ብለሽ ፊታቸው አስቀምጪው፣ ቡና እየጠጡ ያዩታል፣ ራሳቸው ያወራሉ። ስልክሽ ይቅዳ፣ አስቀድመሽ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቂ።

አንድ የሚያሳስበኝ አለ። እኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይወጣል፣ ሙሾ አውራጇ ይዛው ትዞራለች፣ ላብና እንባ ይነካዋል፣ ጥግ ጥጉ ይታጠፋል። ለቅሶ የሚወጣ ከሆነ ቅጂው ይውጣ። ዋናው ከሳጥኑ አይነሳ።

ፎቶቤት_ያደገ፦

የዲማው አባት ያሉት ልክ ነው። ስለ አቀማመጡ ልጨምር። የነጠላው ቁራጭ መጥፎ አይደለም፣ ንጹሕ ጥጥ ነው፣ ግን ደረቅ ይሁን። ፌስታል ውስጥ አታድርጉት፣ ያልበዋል። ጋዜጣም አትጠቅልሉበት። ሳጥኑ ምድጃ ካለበት ቤት ይራቅ፣ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ይበል። ናፍታሊን ከጨመራችሁበት አውጡ። የሚይዘው ሰው እጁን ታጥቦ ያድርቅና በጠርዙ ይያዝ። ስኮች አይነካውም። ስም መጻፍ ከፈለጋችሁ ካርቶኑ ጀርባ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ በፍጹም።

ማርቆስ_ልጅ፦

የአክስቴን ልጅ አስቆምኩት፣ ላሚኔቱ ቀርቷል። አክስቶቼ ግን አሁንም «ለማን ይድረስ» ላይ ናቸው። ኢየሩሳሌም የሚለው ከተሰማ ወዲህማ ባሰ፣ በፊት የማይፈልጉትም ፈላጊ ሆነዋል። ምን ትላላችሁ?

ደጀን_ዳገት፦

እጣ አውጡ በቃ። 😂

የዲማ_ደቀመዝሙር፦

እጣ አይደለም ልጄ። እማሆይ በሕይወት እያሉ ንብረታቸው አይከፈልም። እዚያው ሳጥናቸው ውስጥ ይቀመጥ፣ ከሳቸው በኋላ ለማን እንደሚሆን እሳቸው ይናገሩ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት። እምቢ የሚል ካለ ያን ጊዜ ሽማግሌ ይግባ።

አሮጌ_ካሜራ፦

እኔም ከአባ ጋር ነኝ። ያንን የፎቶ ቤቱን ልጅ ምክር ይዘሽ የሁለቱንም ፊትና ጀርባ አንሺ፣ ለየቤቱ አሳትመሽ ለገና አድይ፤ ብዙው ኩርፊያ ያኔ ይበርዳል። እስከዚያ ግን የካርዱን ጀርባ ጥሩ አድርገሽ አንሺና እዚህ ለጥፊልን፣ ከጎን በኩል ባትሪ እያበራሽ፣ የተጫነው ፊደል ጥላ እንዲጥል። ፊትየውን አትለጥፊ፣ እሱ የቤተሰባችሁ ነው። አርመንኛ የሚያነብ ሰው እኔ ፈልጌ አመጣለሁ።